ፍል ውሃ የሚያመጣው ወርቅና የጋሞ ተራሮች

በአገራችን ስለ ወርቅ ሲነሳ ወዲያው የሚታወሱን ቦታዎች የታወቁ ናቸው፡፡ ሻኪሶና ለገደንቢ፣ አሶሳና ኩርሙክ፣ ወለጋ፣ አኮቦ፣ የትግራዩ አስገደ፡፡ እነዚህ ቦታዎች በርቀት ቢለያዩም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፡፡ ሁሉም የሚገኙት ዕድሜያቸው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በሚበልጥ፣ በምድር ውስጥ ሙቀትና ግፊት መልካቸው በተለወጠ አሮጌ ዓለቶች ላይ ነው፡፡ ከዚህም የተነሳ በብዙዎቻችን ዘንድ «ወርቅ ያለው በአሮጌው ዓለት ነው፤ እሳተ ገሞራ ያለበሰው አገር ባዶ ነው» የሚል አስተሳሰብ ሰፍኖ ኖሯል፡፡

ይህ አስተሳሰብ ግማሽ እውነት ነው፡፡ በዓለም ከታወቁት የወርቅና የብር ማዕድናት ብዙዎቹ የሚገኙት በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ ነው፡፡ በእኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአፋር የተካሄደ ፍለጋ በስምጥ ሸለቆው ወጣት ድንጋዮች ውስጥ ወርቅ ያዘሉ ጅማቶች መኖራቸውን አሳይቷል፡፡ ታዲያ በዚሁ ስምጥ ሸለቆ በስተደቡብ የሚገኘው የጋሞ ምድር፣ ከላይ እስከ ታች በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራው አገር፣ ምን ተስፋ አለው?

ጥያቄው የባለሙያዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም፡፡ ኢትዮጵያ በ2017 በጀት ዓመት ከወርቅ የወጪ ንግድ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካገኘች ወዲህ፣ «በእኛስ ወረዳ?» የማይል አስተዳዳሪ፣ ባለሀብትና ወጣት ጥቂት ነው፡፡ እኔም ጂኦሎጂ የተማርኩ በመሆኔ በየሄድኩበት የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይኸው ነው፡፡ በዚህ ጽሑፍ «አለ» ወይም «የለም» የሚል የጥንቆላ መልስ አልሰጥም፡፡ ይልቁንስ ወርቅና ብር በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ እንዴት እንደሚከማች፣ የጋሞን ምድር በዚያ መነጽር ስናየው ምን እንደሚታይና ማንም ሰው መቆፈሪያ ከማንሳቱ በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር ምን እንደሆነ ላስረዳ፡፡

ወርቅን ማን ያመጣዋል?

ወርቅ በየትም ድንጋይ ውስጥ አለ፡፡ ነገር ግን መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፡፡ በምድር ቅርፊት ውስጥ ባለ አንድ ቶን ተራ ድንጋይ ውስጥ በአማካይ የሚገኘው ወርቅ የግራም ጥቂት ሺህኛ ብቻ ነው፡፡ ለማዕድን ሥራ የሚያዋጣው ግን በቶን አንድ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፡፡ ስለዚህ ተፈጥሮ ወርቁን ከሰፊ ቦታ ሰብስባ በጠባብ ቦታ በመቶዎች እጥፍ ማከማቸት ይኖርባታል፡፡ በእሳተ ገሞራ አገር ይህን የመሰብሰብና የማጓጓዝ ሥራ የሚሠራው ፍል ውሃ ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ የዝናብ ውሃ በስንጥቆች አድርጎ ወደ ምድር ውስጥ ይሰርጋል፡፡ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወርዶ ገና ያልቀዘቀዘ ቅልጥ ዓለት ወዳለበት አካባቢ ሲደርስ ይግላል፡፡ ከቅልጥ ዓለቱ የሚወጡ ጋዞችም ይቀላቀሉታል፡፡ ከእነዚህ ጋዞች አንዱ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያለው የድኝ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፡፡ ወርቅ በንጹሕ ውሃ አይሟሟም፡፡ ከዚህ የድኝ ጋዝ ጋር ሲጣመር ግን በፍል ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይጓዛል፡፡

የጋለው ውሃ ቀላል ስለሆነ ባገኘው ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል፡፡ ወደ ምድር ገጽ ሲቀርብ የሚጫነው ክብደት ይቀንሳል፡፡ በዚህን ጊዜ ድንገት ይፈላል፡፡ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ ታምቆ የነበረው ጋዝ እየተንፏፏ ይወጣል፡፡ ከምድር በታችም የሚሆነው ይኸው ነው፡፡ የድኝ ጋዙ ከእንፋሎቱ ጋር ሲያመልጥ ወርቁ ተሸካሚውን ያጣል፡፡ ተሸካሚ ያጣ ወርቅ ደግሞ በስንጥቁ ግድግዳ ላይ ይራገፋል፡፡ ውሃው ውስጥ የነበረው ሲሊካም እየቀዘቀዘ አብሮ ይረጋል፡፡ ውሃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ እያደር ነጭ ቅርፊት እንደሚይዘው ሁሉ፣ ስንጥቁም በንብርብር ላይ ንብርብር እየደረበ በኳርትዝና ባልጩት በሚመስል ድንጋይ ይሞላል፡፡ እኔ እዚህ ጅማት የምለው ይህንን የተሞላ ስንጥቅ ነው፡፡

ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከምድር ገጽ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ባለ ጥልቀት፣ ከ100 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ነው፡፡ ዋልደማር ሊንድግሬን የተባለው ስዊድን ተወልዶ አሜሪካ የሠራ የጂኦሎጂ ሊቅ ለዚህ ዓይነቱ ክምችት «ኤፒተርማል» የሚል ስም ሰጥቶታል፡፡ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ከላይኛው ሙቀት» እንደማለት ነው፡፡ ይህን የጥልቀት ጉዳይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ጋሞ ስንመጣ ያስፈልገናል፡፡

ስለ ብርስ?

የገንዘባችን ስም ብር ቢሆንም ብር የተባለው ማዕድን በአገራችን ራሱን ችሎ ሲወጣ አናይም፡፡ አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው ጠገራ ብር፣ ማሪያ ትሬዛ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፡፡ ከእሳተ ገሞራ ጋር የተያያዘ ክምችት ግን ከሌላው የወርቅ ክምችት የሚለይበት አንዱ ነገር ብር አብሮት መኖሩ ነው፡፡ በጅማቱ ውስጥ ወርቅና ብር ተዋሕደው ኤሌክትረም የሚባል ፈዘዝ ያለ ቢጫ ብረት ይሠራሉ፡፡ በብዙ ቦታ ብሩ ከወርቁ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፡፡ ስፔናውያን እ.ኤ.አ. ከ1545 ጀምሮ ያወጡት የቦሊቪያው የፖቶሲ ተራራ ብር ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተገኘ ነበር፡፡

የሌላው ዓለም ምስክርነት

ይህ መላምት ብቻ እንዳይመስል ሦስት ቦታዎችን ልጥቀስ፡፡ የመጀመሪያው በደቡብ ጃፓን የሚገኘው ሂሺካሪ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1981 የተገኘው ይህ ማዕድን በቶን ከ20 ግራም በላይ ወርቅ የያዙ ጅማቶች ያሉት ሲሆን፣ ዕድሜው አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ነው፡፡ በጂኦሎጂ አቆጣጠር ትናንት ማለት ነው፡፡ ዛሬም ከጉድጓዱ 65 ዲግሪ ያህል የሚሞቅ ውሃ እየተሳበ ይወጣል፤ የአካባቢው መታጠቢያ ቤቶችም ይጠቀሙበታል፡፡

ሁለተኛው በፓፑዋ ኒው ጊኒ የሊሂር ደሴት ነው፡፡ ማዕድኑ የሚወጣው ገና ባልቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ጎድጓድ ውስጥ ነው፡፡ ተመራማሪዎች በጥልቅ ጉድጓድ የሚገኘውን ፍል ውሃ ለክተው በአንድ ቶን ውሃ ውስጥ ያለው ወርቅ 15 ሺህኛ ግራም ብቻ ሆኖ አገኙት፡፡ ኢምንት ይመስላል፡፡ ግን ውሃው ያለማቋረጥ ስለሚፈስ በዓመት 24 ኪሎ ግራም ያህል ወርቅ ያመጣል፡፡ በዚህ ስሌት ያ ግዙፍ ክምችት በ55 ሺህ ዓመት ውስጥ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው፡፡

ሦስተኛው ኒውዚላንድ ነው፡፡ እዚያ ለኤሌክትሪክ ኃይል በተቆፈሩ የእንፋሎት ጉድጓዶች ቧንቧ ውስጥ ወርቅና ብር የበዛበት ቅርፊት ተለጥፎ ተገኝቷል፡፡ ወርቁ በሰው ዓይን ፊት እየተራገፈ ነበር፡፡

ከሦስቱም የምንማረው ሁለት ነገር ነው፡፡ አንደኛ፣ ወጣት እሳተ ገሞራ አገር ባዶ አይደለም፡፡ ሁለተኛ፣ በዓለም ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ፍል ውሃዎች እያሉ ሂሺካሪና ሊሂር ግን ጥቂት ናቸው፡፡ ፍል ውሃ መኖሩ ለወርቅ ያስፈልጋል እንጂ አይበቃም፡፡

አፋር ያስተማረን

በአፋር የተንዳሆ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለእንፋሎት ኃይል ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ነበር፡፡ ስትራቴክስ ኢንተርናሽናል የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዚያው ቀጣና ወርቅ ፍለጋ ገባ፡፡ መገንታ በሚባለው ቦታ በስምጥ ሸለቆው ስብራቶች አቅጣጫ የተዘረጉ፣ ወርቅ ያዘሉ የሲሊካ ጅማቶችን አገኘ፡፡ ፍለጋው ከዚያ አልፎ ወደ ጂቡቲም ተስፋፋ፡፡

ግኝቱ ለጂኦሎጂ ትልቅ ዜና ነበር፡፡ ስምጥ ሸለቆው ወርቅ የሚሠራ ማሽን ሊሆን እንደሚችል ከእኛው አገር ማስረጃ ተገኘ፡፡ ነገር ግን መገንታ ዛሬ የወርቅ ማምረቻ አይደለም፡፡ በድንጋይ ውስጥ ወርቅ ማግኘትና ማዕድን ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፡፡ ማዕድን የሚባለው የወርቁ መጠን፣ የጅማቱ ስፋትና ርዝመት፣ የውሃና የመንገዱ ሁኔታ፣ የማውጫው ወጪ ሁሉ ተደምሮ ትርፍ ሲያሳይ ነው፡፡

የጋሞ ምድር እንዴት ተሠራ?

አሁን ወደ ደቡብ እንውረድ፡፡ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን 37 ኪሎ ሜትር መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ሳያውቀው የኢትዮጵያን የእሳተ ገሞራ ታሪክ ገጽ በገጽ እያገላበጠ ነው፡፡ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ከተማ ተነስቶ 2,700 ሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው የባዛልት ንብርብር ነው፡፡ ከዚያም በላይ የጉጌ ተራራ 4,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል፡፡

እነዚህ የጋሞ ባዛልቶችና ከሐይቆቹ ማዶ ያሉት የአማሮ ባዛልቶች በኢትዮጵያ ካሉት የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ሁሉ አንጋፋዎቹ ናቸው፡፡ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 35 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል፡፡ የስሜንና የላስታ ተራሮች የተሠሩበት ታላቁ ጎርፈ እሳት እንኳን የ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፡፡ በሌላ አነጋገር እሳቱ መጀመሪያ የተቀጣጠለው በደቡብ ነው፡፡

ከዚያ በኋላ ምድሪቱ ተሰነጠቀች፡፡ መሐሉ ሲሰጥም አባያና ጫሞ የተኙበት ሸለቆ ተፈጠረ፤ ዳርና ዳሩ ተራራ ሆኖ ቀረ፡፡ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ በሸለቆው ወለል ላይ እንደገና ባዛልት ፈሰሰ፡፡ ጂኦሎጂስቶች ቶሳ ሱጫ የሚሉት፣ በሁለቱ ሐይቆች መካከል የተጋደመውና ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ የሚለው ጉብታ የዚህ ወጣት እሳተ ገሞራ ሥራ ነው፡፡ ከአባያ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በወላይታ በኩል ወደ ዱጉና ሲኬድ ፍል ውሃዎች አሉ፡፡ የአባያ አካባቢ በአገራችን የእንፋሎት ኃይል ተስፋ ካላቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ አለ፡፡

በአማሮና በኮንሶ በኩል ደግሞ እሳተ ገሞራው ያልሸፈነው አሮጌው ዓለት ብቅ ይላል፡፡ ይህ ሌላ ታሪክ ነው፡፡ ከዚያ አሮጌ ዓለት የሚነሳ ወንዝ አሸዋ ውስጥ የወርቅ ቅንጣት ቢገኝ ዝምድናው ከአዶላና ከሻኪሶ ጋር እንጂ ከፍል ውሃው ወርቅ ጋር አይደለም፡፡ ሁለቱን መቀላቀል ፍለጋውን ከመነሻው ያሳስታል፡፡

አራት ጥያቄዎች

በእሳተ ገሞራ አገር ወርቅ የሚፈልግ ጂኦሎጂስት አራት ጥያቄ ይጠይቃል፡፡ በጋሞ ላይ እንሞክራቸው፡፡

የመጀመሪያው ሙቀት ነው፡፡ ውሃውን የሚያግል ምድጃ ነበረ ወይ? ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ቶሎ ፈስሶ የሚያልቀው ባዛልት ሳይሆን፣ ከምድር በታች ረጅም ጊዜ ታጉሮ የሚቆየውና እንደ ራዮላይት ያሉ ነጣ ያሉ ድንጋዮችን የሚሰጠው ቅልጥ ዓለት ነው፡፡ የጋሞ ደጋ አብዛኛው ባዛልት ነው፡፡ ስለዚህ በዚህ ጥያቄ የተሻለ ነጥብ የሚያገኘው ፍል ውሃ ያለበት የሰሜን አባያ ዙሪያ ነው፡፡

ሁለተኛው መንገድ ነው፡፡ ውሃው የሚወጣበት ስብራት አለ ወይ? እዚህ ላይ ጋሞ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፡፡ ከጉጌ እስከ ጫሞ ሐይቅ ድረስ ምድሩ በአጭር ርቀት 3,000 ሜትር ያህል ዝቅ የሚለው በስብራት ላይ ስብራት ስላለ ነው፡፡

ሦስተኛው የውሃው ጸባይ ነው፡፡ ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው አርባዎቹ ምንጮች ቀዝቃዛና ጣፋጭ ናቸው፡፡ በደጋው የዘነበው ዝናብ በተሰነጠቀው ባዛልት ውስጥ ሰርጎ ከተራራው ግርጌ፣ ከጫካው ውስጥ የሚወጣ ውሃ ነው፡፡ ድኝ የለውም፤ አልጋለም፡፡ ስለዚህ ወርቅ ሊሸከም አይችልም፡፡ የአባያ ሐይቅ ቀይ መልክም የማዕድን ምልክት አይደለም፤ ወንዞች ከደጋው አጥበው ያመጡት፣ በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ ጭቃ ነው፡፡ የደጋው ቀይ አፈርም ባዛልት በዝናብና በሙቀት ሲበሰብስ በውስጡ ያለው ብረት ዝጎ የሚሰጠው መልክ ነው፡፡

አራተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ ጥበቃ፡፡ ወርቁ ተሠርቶ ቢሆን እንኳን እስካሁን ቆይቷል ወይ? ቀደም ሲል እንዳልኩት ይህ ክምችት ከምድር ገጽ ብዙም ሳይርቅ የሚሠራ ነው፡፡ ተራራው በሚሊዮን ዓመታት ሲታጠብ ወርቁም አብሮ ይታጠባል፡፡ በ40 ሚሊዮን ዓመት ባዛልት ላይ፣ ወንዞች ጥልቅ ገደል በቆፈሩበት ደጋ፣ የጥንት ፍል ውሃ ቅሪት ሳይነካ ይቆያል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከባድ ነው፡፡ በአንጻሩ በሸለቆው ወለል ያለው ወጣት ሥራ አልታጠበም፤ ግን በሐይቅ ደለልና ከተራራው በወረደ ጠጠር ተቀብሯል፡፡ የሲቀላ ሰፈርና የሙዝ ማሳዎቹ የተቀመጡት በዚህ ደለል ላይ ነው፡፡

ድምር ውጤቱ ይህ ነው፡፡ ደጋው መንገድ አለው፤ ምድጃና ጥበቃ ግን ይጎድለዋል፡፡ ወለሉ ምድጃና ጥበቃ አለው፤ ግን ተሸፍኗል፡፡ ተስፋው ካለ ያለው በሁለቱ መገናኛ፣ በሸለቆው ዳርቻ ስብራቶች ላይ፣ በተለይ ፍል ውሃ ዛሬም ባለበት ወይም ትናንት በነበረበት አካባቢ ነው፡፡

የሚያብረቀርቀው ድንጋይ

አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ቡና እየጠጣሁ አንድ ወጣት በመሐረብ የቋጠረውን ድንጋይ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ፈታው፡፡ «ጋሼ፣ ይኼ ወርቅ ነው አይደል? አንድ ሰውዬ ቦታውን አሳየኝና ገንዘብ ልስጥህ ብሎኛል» አለኝ፡፡ ድንጋዩ ላይ እንደ ናስ ቢጫ የሆኑ ባለ ማዕዘን ቅንጣቶች ያበራሉ፡፡ ነጭ ሸክላ ስኒውን ገልብጬ ባልተለበጠው የግርጌ ጠርዝ ላይ አሸሁት፤ ጥቁር መስመር ተወ፡፡ ፒራይት ነበር፤ የብረትና የድኝ ውሁድ፡፡ ወርቅ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ቢጫ ይሆን ነበር፤ በመዶሻ ሲመቱትም ይለጠጣል እንጂ አይፈርስም፡፡ ልጁ ፊቱ ጠቆረ፡፡ «ታዲያ ሰውዬው ለምን ፈለገው?» ብሎ ጠየቀኝ፡፡ «እሱም እንዳንተ መስሎት ይሆናል፡፡ ወይም መሬቱን ፈልጎ ይሆናል» አልኩት፡፡

ፒራይት ከወርቅ ጋር አብሮ ሊገኝ ይችላል፤ ብቻውንም በብዙ ሺህ ቦታ ይገኛል፡፡ እውነተኞቹ ምልክቶች ብዙ ጊዜ አያብረቀርቁም፡፡ ጂኦሎጂስት የሚፈልገው በቀጫጭን ንብርብር የተደረደረ፣ ባልጩት የመሰለ ኳርትዝ፣ በዙሪያው ወደ ነጭ ሸክላ የተለወጠ ድንጋይ፣ በጥንት ፍል ውሃ አፍ ላይ የረጋ የሲሊካ ቅርፊት ነው፡፡ ከዚያ ናሙናው ላቦራቶሪ ገብቶ አርሴኒክ፣ አንቲሞኒና ሜርኩሪ ይለካበታል፡፡ እነዚህ ሦስቱ ከወርቁ ጋር በአንድ ፍል ውሃ ስለሚጓዙ እንደ ጠቋሚ ያገለግላሉ፡፡ ሲሊካ የያዘ ውሃ በእሳተ ገሞራ አገር ምን ሊሠራ እንደሚችል ደግሞ የወሎው ደላንታ ምስክር ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ዓለም ያወቀው የወገል ጤና ኦፓል በእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር መሐል የረጋ ሲሊካ ነው፡፡ ግን ኦፓል ኦፓል ነው፤ ወርቅን አያስከትልም፡፡

ያው ስንጥቅ፣ ያው ውሃ

አሁን ከሁሉ በላይ አስፈላጊ ወደምለው ነገር ልምጣ፡፡ በጋሞ ምድር ወርቅ ሊያመጣ የሚችለው ስንጥቅና ለአርባ ምንጭ ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚያመጣው ስንጥቅ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፡፡ ፍለጋው የሚያተኩረው በሸለቆው ዳርቻ ስብራቶች ላይ ነው ብያለሁ፡፡ ምንጮቹም የሚፈልቁት ከዚሁ ዳርቻ ግርጌ ነው፡፡ በስብራቱ ላይ የሚቆፈር ጉድጓድ፣ የሚፈነዳ ድማሚት፣ የሚሳብ ውሃ ምንጩን ሊያቀንስ ወይም ሊበክል ይችላል፡፡

የብክለቱ ነገር በዚህ ዓይነት ክምችት የባሰ ነው፡፡ ለፈላጊው መልካም ጠቋሚ የሆኑት አርሴኒክና ሜርኩሪ ለጠጪው መርዝ ናቸው፡፡ ፒራይት ተቆፍሮ አየርና ዝናብ ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም እነዚህን መርዞች ከድንጋዩ አጥቦ ያወርዳቸዋል፡፡ በወራጅ ወንዝ አገር ቢሆን ቢያንስ ወደ ባሕር ይሄዳል ይባላል፡፡ አባያና ጫሞ ግን ወደ ባሕር መውጫ የላቸውም፡፡ የገባባቸው እዚያው ይቀራል፤ ነጩ ዓሣም፣ ቆሮሶውም፣ አዞውም፣ ዓሣውን የሚበላው ሰውም ይካፈለዋል፡፡

ተዳፋቱም አለ፡፡ በፍል ውሃም ሆነ በዝናብ ወደ ሸክላነት የተለወጠ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል፡፡ ያ አደጋ ከከባድ ዝናብ በኋላ የመጣ እንጂ ከማዕድን ጋር የተያያዘ አልነበረም፡፡ ሆኖም እንዲህ ባለ ተዳፋት ላይ በዘፈቀደ ጉድጓድ መቆፈር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለመገመት ሌላ ትምህርት አያስፈልገንም፡፡

ቀድሞ አለማሰብ ምን እንደሚያመጣ ከለገደንቢ አይተናል፡፡ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ነዋሪዎች የጤና ጉዳት ደርሶብናል ብለው ባነሱት ተቃውሞ ፈቃዱ ታግዶ፣ ማዕድኑ ለዓመታት ሥራ አቁሞ ነበር፡፡ የከሰረው ሁሉም ወገን ነው፤ ነዋሪውም፣ ሠራተኛውም፣ ኩባንያውም፣ መንግሥትም፡፡

ምን ይጠየቅ?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፡፡ የማዕድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ቅኝትን፣ ምርመራንና ምርትን በየደረጃው ለያይቶ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል ይላል፡፡ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም አለ፡፡ ስለዚህ ሕግ አላጣንም፡፡ ያጣነው የሚጠይቅ ሰው ነው፡፡ ጥያቄዎቹ ደግሞ የጂኦሎጂ ዲግሪ አይፈልጉም፡፡

አንድ ሰው ወይም ኩባንያ «በቶን 20 ግራም ወርቅ አግኝቻለሁ» ቢል፣ ስንት ናሙና ተወሰደ? ከተመረጠ ድንጋይ ነው ወይስ ጅማቱን በሙሉ አቋርጦ? ጅማቱ ስንት ሜትር ይሰፋል? ተቆፍሮ በጥልቀት ታይቷል? የመረመረው ላቦራቶሪ የማን ነው? ብላችሁ ጠይቁ፡፡ ይህን ያልጠየቁ ባለሀብቶች ምን እንደደረሰባቸው ዓለም ያውቃል፡፡ ብሪ-ኤክስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ፣ በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ፣ ግዙፍ ወርቅ አገኘሁ ብሎ አክሲዮኑ ሰማይ ከነካ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ናሙናው ላይ ወርቅ ሲነሰነስበት እንደነበር ተጋለጠ፡፡ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ በቀናት ውስጥ ተነነ፡፡

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ውሃ ነው፡፡ መቆፈሪያ ከመነሳቱ በፊት የምንጮቹ፣ የወንዞቹና የሐይቆቹ ውሃ ተለክቶ ተመዝግቧል ወይ? ዛሬ ያልተለካ ውሃ ነገ ተበከለ ቢባል ማስረጃ የለውም፡፡ አርሴኒክ በተፈጥሮም ሊኖር ይችላልና «ድሮም ነበረ» የሚል መልስ ይመጣል፡፡ በውሃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት የተጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ከማንም በላይ ቅርብ ነው፡፡

ሦስተኛው ስለ ፍል ውሃው ራሱ ነው፡፡ በአሉቶ ላንጋኖ ከ7 ሜጋ ዋት በላይ ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራው አነስተኛ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1998 ተመርቋል፡፡ በአባያ ዙሪያም ለእንፋሎት ኃይል ጉድጓድ በሚቆፈርበት ጊዜ ከየጥልቀቱ የሚወጣው ድንጋይ ለወርቅና ለብርም ቢመረመር ተጨማሪው ወጪ ትንሽ ነው፡፡ ለወርቅ ብቻ ተብሎ ተራራ ሳይቦረቦር ትልቅ መረጃ ይገኛል፡፡ ወርቅ ባይገኝ እንኳን እንፋሎቱ ይቀራል፡፡ እንፋሎቱ ደግሞ በአግባቡ ከተያዘ እንደ ወርቁ አንድ ጊዜ ወጥቶ አያልቅም፡፡

የጋሞ ተራሮች ወርቅ ያዘሉ ቢሆኑ ደስታዬ ነው፡፡ ወርቁ ካለ ሚሊዮን ዓመት ጠብቋል፤ ጥቂት ዓመታት የውሃ ልኬትና የካርታ ሥራ ቢጠብቅ አይሸሽም፡፡ ምንጮቹ ግን አንዴ ከተበላሹ የሚጠብቁን አይደሉም፡፡